ሥሩን ከታች የሚያጠጣ ባልዲ

ጥቅምት 11 ቀን 2017፣ አዲስ አበባ

ዛሬ ውኃ መጣ። በእኛ ኮንዶሚኒየም ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ በመጣ ቀን በርሜሉና ጄሪካኑ ይሞላል፣ ልብስ ይታጠባል፣ በረንዳ ላይ ላለው አትክልት የሚተርፈው ጥቂት ነው። ቲማቲምን ከውኃ ማነስ ይልቅ የሚጎዳው መቆራረጡ ነው። አንድ ቀን ጠግቦ ሦስት ቀን ከተጠማ ካልሲየሙ ፍሬው ድረስ በወጉ አይደርስም፤ ፍሬው ከታች በኩል ይጠቁርና ይበላሻል። ብዙ ሰው ተባይ ይመስለውና መድኃኒት ይረጫል። መርጨቱ አያድነውም፤ የሚያድነው አፈሩ ሳይደርቅና ሳይጨቀይ መቆየቱ ነው። ዘንድሮ ለሮማ ቲማቲም ችግኞቼ ከታች የሚያጠጣ ባልዲ ልሠራላቸው ነው።

ጥቅምት 14

ባለ 20 ሊትር ባልዲዎችን ሁለት ሁለት አድርጌ አንዱን በሌላው ውስጥ አስገባሁ። በመካከላቸው የተገለበጠ የፕላስቲክ ሳህን ስላለ ከታች ክፍተት ይቀራል፤ የውኃ ማጠራቀሚያው እሱ ነው። የላይኛውን ወለል በስቼ ክር አወረድኩ። የኩራዝ ክር ጋዙን ሽቅብ እንደሚስበው ሁሉ ይህም ውኃውን ወደ አፈሩ ይስባል። የጥጥ ጨርቅ መሳቡን ይስባል፣ ግን ውኃ ውስጥ ሲከርም ይበሰብሳል፤ ሰው ሠራሽ የሹራብ ክር ጠምዝዞ ማውረድ ይሻላል። ከመጠቀም በፊት አንዱን ጫፍ ብርጭቆ ውስጥ ነክሮ እርጥበቱ ሲወጣ ማየት ነው። ውኃ መሙያው ከላይ እስከ ታች የሚወርድ ቀጭን ቱቦ ነው።

ከሁሉም የምትበልጠው በታችኛው ባልዲ ጎን፣ ከላይኛው ወለል ዝቅ ብላ የተበሳችው ቀዳዳ ናት። ትርፉ ውኃ በእሷ ይወጣል፤ በውኃውና በአፈሩ መካከልም አየር ይቀራል። አየር ያጣ ሥር ታፍኖ ይበሰብሳል።

ጥቅምት 16

አንደኛ ፎቅ ያሉት እማማ ለባልዲዎቹ የአፈር ድብልቅ ያመጣኋቸውን ጆንያዎች አይተው “ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ኮተት ምንድን ነው? ደህና ጥቁር አፈር አታስመጪም?” አሉኝ። “እማማ፣ ጥቁር አፈር ከታች ውኃ ሲያገኝ ይጨቀይብኛል፤ ሥሩ መተንፈሻ ያጣል” አልኳቸው። እርሻ የሚያውቁ ሴት ናቸው፤ አንድ እፍኝ ከድብልቁ አንስተው ጨመቁት፣ ሲፈረፈርላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። የበዛው ብስባሽ ነው፤ ለብሎኬት የሚሆነውን ፐሚስና ጥቂት ቀይ አፈር ጨምሬበታለሁ። ከፍታው 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያ በላይ ከሆነ እርጥበቱ እስከ ላይ ለመድረስ ይቸግረዋል። መጀመሪያ ከላይ በደንብ አጠጣሁት፤ ደረቅ አፈር ውኃ በወጉ አይስብም።

ኅዳር 22

ሌሊቱ ይበርዳል። ችግኞቹ ብዙም አይጠጡም፤ እኔም አልጨመርኩም።

ታኅሣሥ 19

እህቴ ከድሬዳዋ ደወለች፤ እንዲህ ያለ ባልዲ ልትሠራ ፈልጋለች። ደስ አለኝ፣ ነገር ግን ቱቦውንና ቀዳዳዋን በጥቃቅን ወንፊት ሳትሸፍኚ እንዳትጀምሪ ብዬ አጥብቄ ነገርኳት። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባለው የወባ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪደሃር ላይ ተገኝታለች፤ ከሌሎቹ የወባ ትንኞች የምትለየው በከተማ፣ በበርሜልና በሮቶ ውስጥ መራባት መቻሏ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ድሬዳዋ ላይ የተነሣው የወባ ወረርሽኝም ከእሷ ጋር ተያይዟል። የደንጊን ትንኝም ቢሆን የተጠራቀመ ንጹሕ ውኃ ይስማማታል። ለአትክልት ተብሎ የልጆች ጤና አደጋ ላይ መውደቅ የለበትም።

ጥር 6

የአፈሩ ገጽ ላይ ነጭ ቅርፊት ወጥቷል። ውኃው ሁልጊዜ ከታች ወደ ላይ ስለሚሄድ የማዳበሪያው ጨው አብሮት ይወጣና ላይ ይቀራል። ቅርፊቱን ጠርጌ፣ ውኃ በመጣ ቀን ከላይ አፍስሼ ትርፉ በቀዳዳዋ እስኪወጣ አጠብኩት። ማዳበሪያም ቀነስኩ።

ጥር 28

ፍሬው ቀልቷል፤ ከታች የጠቆረ የለም። ለእማማ ሰጠኋቸውና “እንዲህ ከሆነስ ለእኔም ሥሪልኝ” አሉ።

የእሳቸው በቆስጣ ይጀምራል። ፍሬ የያዘ ቲማቲም በፀሐይ ቀን ከአንድ ሊትር በላይ ስለሚጠጣ፣ ፈረቃው በዘገየ ጊዜ የእኔ ትናንሽ ማጠራቀሚያዎች እየደረቁ ከጄሪካን መጨመር ነበረብኝ። ቆስጣና ሰላጣ ግን በዚያው ውኃ ብዙ ይቆያሉ። ቲማቲም የሚፈልግ ሰው ሰፋ ያለ ማጠራቀሚያ ያዘጋጅ።

በፈረቃ ውኃ የምትኖሩ ሁሉ፣ በረንዳችሁ ፀሐይ ካገኘ ሞክሩት። የትርፍ ውኃዋን ቀዳዳ ሳትበሱና ወንፊቱን ሳታስሩ ግን አፈር አትሙሉ።