ባለቤቴ ያላወቀው ቀብድ

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንድ ያገለገለ የጌም ኮምፒዩተር ነው። ገጹን ለማለፍ አትቸኩሉ። እኔም ብሆን ከጥቂት ጊዜ በፊት «ይህስ የልጆች ነገር ነው» ብዬ አልፈው ነበር። ነገሩ ግን ከልጄ ተነሥቶ እኔና ባለቤቴ ዘንድ ደረሰ።

የምንኖረው አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ነው። የበኩር ልጃችን 16 ዓመቱ ነው። ከትምህርት ቤት ሲመለስ መንገዱ እየረዘመበት መጣ፤ በ10 ሰዓት ይገባ የነበረው ልጅ 12 ሰዓት፣ አንዳንዴም ከመሸ በኋላ ይመጣ ጀመር። አንድ ቀን ጓደኞቹን ጠይቄ ሲቀላ ወደሚገኝ አንድ ጌም ቤት ሄድኩ። መስኮት የሌለው ክፍል፣ ሦስት ቴሌቪዥን፣ ሃያ ያህል ወንዶች ልጆች፤ ሁሉም በዚያ በምታውቁት የአርባ ምንጭ ሙቀት ታጭቀዋል። በአንዱ ጥግ ጫት ተዘርግቷል፣ በሌላው ጥግ በጨዋታው ውጤት ላይ ገንዘብ ያስይዛሉ። ልጄ ሲያየኝ የያዘውን ጆይስቲክ ለጓደኛው አቀብሎ ተከተለኝ። እቤት እስክንደርስ አንድ ቃል አልተነጋገርንም።

እህቴ ሆይ፣ አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር? «መጀመሪያ ተንበርክኬ ጸለይኩ» ብልሽ ደስ ባለኝ። እውነቱን ልንገርሽና፣ መጀመሪያ ያደረግሁት ስልኬን አንሥቼ ኮምፒዩተር የሚሸጥ ሰው ማፈላለግ ነው። ከዚያ ክፍል ይልቅ ዓይኔ ሥር ይጫወት ብዬ ነው። ባለቤቴ በዚያ ሳምንት ለጉባኤ ጨንቻ ወጥቶ ነበር። እኔ ደግሞ እቁብ ደርሶኝ 70 ሺህ ብር በእጄ ነበር። ገንዘቡ የሮቶና የማቆሚያው ነው፤ ስሟን ከአርባ ምንጮች በወሰደች ከተማ ውስጥ እየኖርን ጀሪካን ስንደረድር ዓመታት አልፈዋልና ለዚያ ብለን ሁለታችን የወሰንነው ነው። አንድ ወጣት ያገለገለ የጌም ኮምፒዩተሩን 65 ሺህ ብር አለኝ። «ሌላ ፈላጊ አለ» ሲለኝ ደነገጥኩና 5 ሺህ ብር ቀብድ ላክሁለት። ባለቤቴን ሲመለስ እነግረዋለሁ አልኩ። ተመለሰ። ደክሞታል ብዬ አንድ ቀን፣ እንግዳ አለ ብዬ ሌላ ቀን አሳለፍኩ።

በአራተኛው ቀን ማታ ሊጥ እያቦካሁ ሳለ ስልኬ ጮኸ። እጄ በሊጥ ተይዟል፤ ባለቤቴ አነሣልኝ። «እሺ... እሺ... እነግራታለሁ» ብሎ ዘጋና «ቀሪውን 60 ሺህ እስከ ዓርብ ካላመጣሽ ለሌላ ሰው ሊሸጠው ነው አለ» አለኝ። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

እኔም ቶሎ ብዬ «ለልጁ ትምህርት ነው፤ ዲዛይን መማር ይፈልጋል፣ ፕሮግራም መጻፍም...» ማለት ጀመርኩ። ልጃችን ከሳሎን ተነሥቶ መጣና በሩ ላይ ቆሞ «እማዬ፣ ለጌም ነው እኮ። ሌላውንም እሞክርበት ይሆናል፤ የፈለግሁት ግን ለጌም ነው» አለ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ባለቤቴ የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «የፊታችን ቅዳሜ የባለትዳሮች ትምህርት አለ። ስለ ገንዘብ የምታስተምሪው አንቺ ነሽ።» በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ሳለሁ የሐናንያንና የሰጲራን ታሪክ አጥንቼ ወረቀት ጽፌበታለሁ፤ ለሴቶች ኅብረትም ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ። እነርሱ እንኳ ተማክረው ነበር! እኔ ግን ብቻዬን ነው ያደረግሁት። ቅዳሜ ዕለት ያዘጋጀሁትን ማስታወሻ ዘግቼ ይህንኑ ተናገርኩ። ሦስት እህቶች ከትምህርቱ በኋላ ቀርተው የየራሳቸውን ቀብድ ነገሩኝ፤ የእነርሱን ግን እዚህ አልጽፍም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ባለቤቴ ሁላችንንም ሳሎን ሰበሰበን። እኛ ጋሞዎች ዱቡሻ የሚባል የሸንጎ ስፍራ አለን፤ አባቶች በዚያ ተቀምጠው ነገሩን ያወጡታል፣ ያወርዱታል፣ እስኪግባቡም አይቸኩሉም። «ዛሬ ቤታችን ዱቡሻ ነው፤ አንተ ጀምር» አለው ልጁን። ልጁ ጀመረ። አባትየው ቻይና እ.ኤ.አ. በ2021 ዓ.ም. ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች የኢንተርኔት ጌም በሳምንት ሦስት ሰዓት ገደማ ብቻ እንዲጫወቱ መወሰኗን አንሥቶ «መንግሥት ያልቻለውን እኛ እንችላለን?» ብሎ ጠየቀ። እኔም የዓለም ጤና ድርጅት «የጌም መታወክ» የሚባለውን እ.ኤ.አ. ከ2022 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች መዝገቡ ውስጥ ማስገባቱን አነበብኩላቸው። ወላጆች ሆይ፣ ይህንን ልብ በሉ፤ መለኪያው የሰዓቱ ብዛት ብቻ አይደለም። ልጁ ራሱን መግታት ሲያቅተው፣ ጌሙ ከምግብም ከትምህርትም ከሰውም ሲቀድምበት፣ እየጎዳው መሆኑን እያወቀም ሲቀጥል፣ ያውም አብዛኛውን ጊዜ ዓመት ያህል ሲቆይ ነው። የእኛ ልጅ እዚያ አልደረሰም። መንገዱ ግን በዚያ ጌም ቤት በኩል እንደሚያልፍ ፈራን።

የትኞቹ ጌሞች ናቸው ብለንም ጠየቅነው። ዋናው የእግር ኳሱ ነው፤ እ.ኤ.አ. እስከ 2023 ፊፋ ይባል የነበረው፣ አሁን ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ የሚባለው። ይህ ለሕፃናትም ሲፈቀድ የቆየ ነው። «ጂቲኤ 5 የሚባለውስ?» ስለው ዝም አለ። እርሱ በአውሮፓ የዕድሜ ምልክት ለ18 ዓመትና ከዚያ በላይ ብቻ ነው። ምልክቱ በካርቶኑ ላይ ታትሞ ይወጣል። በእኛ ከተማ ግን ጌም የሚመጣው በፍላሽና በሃርድ ዲስክ እየተገለበጠ ስለሆነ ካርቶኑ የት ይታያል? ስለዚህ ወደ ቤታችን የሚገባ ጌም ሁሉ አስቀድሞ በስሙ ይጠየቃል ተባባልን።

የመብራት ሂሳብ ያስፈራችሁ እንደሆነ፣ እኔንም አስፈርቶኝ ነበር። የእንጀራ ምጣድ ከ3 ሺህ ዋት በላይ ይስባል፤ እንዲህ ዓይነቱ ኮምፒዩተር ጌም ላይ ሳለ 300 ዋት ገደማ ነው። መፍራት ያለብንስ የመብራቱን ድንገት መጥፋትና ኃይሉን ጨምሮ መምጣት ኖሯል። ዩፒኤስ የሌለው ዴስክቶፕ ለሃርድ ዲስኩም ለፓወር ሰፕላዩም ስጋት ነው፤ የዩፒኤሱን ዋጋ ከኮምፒዩተሩ ዋጋ ጋር አብራችሁ አስሉ።

«አዲስ ለምን አንገዛም?» የሚል አይጠፋም። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን የተደረገው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ አብሮት ተሰቀለ። ለአገልጋይ ቤት አዲስ የጌም ኮምፒዩተር ወሬውም አይነሣ። ያገለገለው ደግሞ የራሱ ወጥመድ አለው። ማክሰኞ ዕለት ሦስታችን ኮምፒዩተሩን ልናይ ስንሄድ አንድ ቴክኒሽያን ወንድም አብሮን መጣ።

«ስንተኛ ጀነሬሽን ነው?» አለ መጀመሪያ። ስድስተኛ ነበር። ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በደንቡ የሚቀበለው በጥቅሉ ከስምንተኛ ጀነሬሽን ወዲህ ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ነው። «ስድስተኛ ጀነሬሽን ይሠራል፤ ግን የዛሬ ዋጋው 65 ሺህ አይደለም» አለን። ቀጥሎ ግራፊክስ ካርዱን አየ፤ አርኤክስ 580 ነው። ይህ ካርድ በአንድ ወቅት ኢቴሪየም የሚባለውን የዲጂታል ገንዘብ ለማምረት ሌት ተቀን ይሠራበት ከነበሩት አንዱ ነው። ኢቴሪየም እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 አሠራሩን ሲለውጥ እነዚያ ካርዶች ሁሉ ሥራ ፈትተው በየገበያው ተበተኑ። (በአገራችን በግድቦቻችን ኤሌክትሪክ ይሠራል የሚባለው ቢትኮይን ሌላ ነው፤ የእርሱ ማሽን ለጌም አይሆንም።) እንዲህ የሠራ ካርድ ሁሉ ብልሽት አለበት ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ማራገቢያው ያረጃል፣ በቺፑና በብረቱ መካከል የሚቀባው ቅባት ይደርቃል። ባለቤቱም ይህን ታሪኩን ላያውቀው ይችላል።

«እንግዲህ ግማሽ ሰዓት እናጫውተው» አለ ቴክኒሽያኑ። ልጄ ተቀመጠ። ዐሥር ደቂቃ ደህና ነበር። ባለቤቴ የሳጥኑን ጀርባ በእጁ እየዳሰሰ «እንደ ምጣድ ሞቀ» አለ። በሃያኛው ደቂቃ ገደማ በስክሪኑ ላይ መስመሮች ተጋደሙና ማሽኑ ድርግም አለ። ወጣቱ «ሁልጊዜ እንዲህ አያደርግም» አለ። ይህንን ቃል ያገለገለ ዕቃ የገዛ ሁሉ ያውቀዋል። ከቀብዱ 3 ሺህ ብር መለሰልን፤ 2 ሺሁ ቀረ። ስንመለስ ባለቤቴ «ቤቴ ላይ ሆኜ በስልክ ብር ከመላክ ይሄ ይሻላል» አለ። የተናገረው ለእኔ ነው፤ ዝም አልኩ።

ሮቶው ቀደመ። ሲተከል ልጁ አሸዋና ድንጋይ አቀበለ። የሮቶው ወጪ ከእቁቡ የተረፈውን አላስተረፈም ማለት ይቻላል፤ ባለቤቴ በወር ጥቂት፣ እኔም ከስፌቴ ጥቂት እያደረግን፣ ልጁ ደግሞ በጌም ቤት ያወጣ የነበረውን በቆርቆሮ ሣጥን እያጠራቀመ ስምንት ወር ፈጀን። ጌም ቤት ሄዷል ወይ ብትሉኝ፣ ሁለት ጊዜ ሄዷል፤ ሁለቱንም ጊዜ ራሱ ነገረኝ። በመጨረሻ የገዛነው ስምንተኛ ጀነሬሽን ኮር አይ 5 ነው፣ ጂቲኤክስ 1650 ካርድ ያለው። ያ ካርድ ብዙ ኤሌክትሪክ ስለማይፈልግ ደካማ ፓወር ሰፕላይ ላለው ማሽን ይሻላል ተባልን። ዋጋው 50 ሺህ ብር፤ ከመክፈላችን በፊት አርባ ደቂቃ አጫወትነው። አብረን ሄድን፣ አብረን ከፈልን፣ ደረሰኙንም በሁለታችን ፊት ተቀበልን።

ያስቀመጥነው ሳሎን ውስጥ፣ ፊቱ ወደ በሩ ነው። በሥራ ቀን አይከፈትም፤ ዓርብ ማታና ቅዳሜ ግን ይከፈታል። አንዲት እናት ለጸሎት መጥተው አይተውት «ፓስተር ቤትም ጌም ገባ?» ብለው አዝነዋል። ቡና አፈላሁላቸውና የሲቀላውን ክፍል ነገርኳቸው። ሙሉ በሙሉ ያመኑኝ አይመስለኝም። እኔም በሚመጣው ዓመት የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲደርስ ምን እንደምናደርግ ገና አላወቅሁም፤ ዱቡሻ እንቀመጥበታለን።

ባለቤቴ ዓርብ ዓርብ ከልጁ ጋር ኳስ መጫወት ጀምሯል። ባለፈው ሳምንት 6 ለ 0 ከተሸነፈ በኋላ ጆይስቲኩን እያገላበጠ «ይሄኛው የተበላሸ ነው፤ አንድ ሌላ ሳልገዛ አልቀርም» አለኝ። ስንት እንደሚያወጣ ጠየቅሁት። እስካሁን አልነገረኝም።