የካርቶን አይሮፕላን በሺያህ ሰፈር

ሊባኖስ የሚለው ስም ለኢትዮጵያ ክርስቲያን እንግዳ አይደለም። ንጉሥ ሰሎሞን ቤተ መቅደሱን በሠራ ጊዜ የጢሮስ ንጉሥ ኪራም የላከለት ዝግባ የተቆረጠው ከሊባኖስ ተራራ ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት የመሠረቱት፣ ቀድሞ ደብረ አስቦ ይባል የነበረው ገዳምም በ15ኛው መቶ ዓመት፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት፣ ደብረ ሊባኖስ ተብሎ ተሰይሟል። ዛሬ ግን በብዙ የገጠር ቤት ሊባኖስ ሲባል ፈጥኖ ወደ ልብ የሚመጣው ዝግባው ወይም ገዳሙ ሳይሆን፣ እንጀራ ፍለጋ የሄደችው ልጅ ናት።

ከእነዚህ ልጆች አንዲቱ ከቡልጋ የሄደች እኅት ነበረች። የሠራተኝነት ዕድሏ የደረሳት ሺያህ በሚባል ሰፈር ነው። ሺያህ ከቤይሩት በስተ ደቡብ፣ ከከተማይቱ ጋር የተያያዘች፣ ፎቅ ከፎቅ ጋር የተጨናነቀባት ሰፈር ናት። ከጎረቤቷ ከዐይን ኤል ሩማኔ የሚለያት ጥንታዊው የሳይዳ መንገድ ሲሆን፣ ሚያዝያ 5 ቀን 1967 ዓ.ም. በዐይን ኤል ሩማኔ የፈሰሰው ደም 15 ዓመት የቆየውን የእርስ በርስ ጦርነት በለኮሰ ጊዜ፣ ያ መንገድ የሁለቱ ወገኖች ግንባር ሆኖ ነበር። በሺያህ ማር ሚካኤል የሚባል የማሮናውያን ቤተ ክርስቲያን አለ። አይሮፕላን ማረፊያውም ሩቅ ስላልሆነ የሚነሣውና የሚያርፈው ሁሉ ድምፁ ይሰማል።

ይህች እኅት የምትተኛው ከወጥ ቤቱ ጀርባ፣ በመስተዋት በተዘጋች ጠባብ ሰገነት ላይ ነበር። በዚያ አገር ከፋላ በሚባለው ሥርዓት ሠራተኛይቱ የምትኖረው በአሠሪዋ ዋስትና ስለሆነ፣ ያለ አሠሪዋ ፈቃድ ሥራ ልትለውጥ አይቻላትም። ፓስፖርቷም እንደ ብዙዎቹ እኅቶቿ በእመቤቲቱ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበት ነበር። ሌሊት የአይሮፕላን ድምፅ በሰማች ቁጥር «ይህ ወደ አገሬ የሚሄደው ይሆን?» እያለች ትቈጥር ነበር።

ውሏ የሚያልቀው በ2012 ዓ.ም. ነበርና የዚያን ዓመት ፋሲካ ከእናቷ ጋር ለመዋል አስባ ነበር። ዳሩ ግን በዚያው ዓመት መጀመሪያ የሊባኖስ ገንዘብ ዋጋው ወደቀ፤ ባንኮችም የሰውን ገንዘብ ያዙ፤ እመቤቲቱም «ሲሻል እከፍልሻለሁ» እያለች ደመወዟን ከወር ወደ ወር አሳደረችው። ቀጥሎ ወረርሽኙ መጣና መጋቢት 9 ቀን 2012 ዓ.ም. አይሮፕላን ማረፊያው ለመንገደኞች ተዘጋ። ሰማዩ ዝም አለ። በግንቦትና በሰኔ ብዙ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን ሐዝሚየ በሚገኘው በኢትዮጵያ ቆንስላ ደጅ ላይ ከነሻንጣቸው እያወረዱ ጥለዋቸው ሄዱ፤ እኅቶችም ድንጋይ ተንተርሰው በመንገድ ዳር አደሩ። እርሷ ጣሪያ ስላላጣች ማጕረምረም እንደ ኃጢአት ይቈጠርብኛል ብላ ፈራች፤ ይሁን እንጂ ልቧ ደረቀ፤ ውዳሴ ማርያሙን መድገም ተወች።

ከነዚህ ሌሊቶች በአንዱ ምግብ የሚሸፈንበት የአሉሚኒየም ወረቀት አለቀ፤ ጥቅሉ የነበረበት የካርቶን ቱቦም በእጇ ቀረ። ልትጥለው ስትል አየችው፤ አይታም አልጣለችውም። የቤቱን ልጅ ማስመሪያ ተውሳ ለካችው። ቦይንግ 737-800 የሚባለው አይሮፕላን ርዝመቱ 39 ሜትር ተኩል፣ ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 35 ሜትር ከ80፣ የገላው ስፋት 3 ሜትር ከ76 ሳንቲሜትር እንደሆነ ከስልኳ አንብባ ነበር። እያንዳንዱ ሜትር አንድ ሳንቲሜትር ቢሆን የቱቦው ውፍረት ከአይሮፕላኑ ገላ ጋር የሚስማማ ሆኖ አገኘችው። በአንድ መቶኛ ያነሰው አይሮፕላን በየቀኑ በእጇ ሲመላለስ ኖሮ ኖሯል!

ቱቦውን በልኩ ቈረጠች። አፍንጫውን ከእንቍላል ማስቀመጫ ካርቶን አበጀች፤ ክንፉንም ከጫማ ሣጥን አወጣች። የዚህ አይሮፕላን ክንፍ 25 ዲግሪ ያህል ወደ ኋላ ያዘነበለ ነው፤ ማዕዘን መለኪያ ስላልነበራት የወረቀቱን ጥግ አንድ ጊዜ አጥፋ 45፣ ሁለተኛ አጥፋ 22 ተኩል አገኘች፤ በዚያም ላይ ጥቂት ጨመረችበት። ሞተሮቹን ከክር ማጠንጠኛ ሠራች። ሞተሩ ለመሬት ስለሚቀርብ አፉ ከታች በኩል ጠፍጠፍ ያለ መሆኑን በሥዕል አይታ ነበርና የማጠንጠኛውንም ሥር ሞረደችው። ሙጫዋ በውኃ የተቀቀለ ዱቄት ነው። ለጅራቱ ቀይ ቀለም ከእመቤቲቱ የተረፈ የጥፍር ቀለም፣ ለቢጫው እርድ፣ ለአረንጓዴው ከልጁ የትምህርት ቤት ቀለም ጥቂት አገኘች። በጎኑም የኢትዮጵያን ስም በፊደል ጻፈችበት።

ነገር ግን ሥራው መጀመሪያ ለነፍሷ ዕረፍት አልሆነላትም። እስከ እኩለ ሌሊት ትቀመጥና መስኮቶቹን በብዕር እየነጠበች ታለቅስ ነበር። እሑድ በስልክ የንስሐ አባቷን አግኝታ «አባቴ፣ ጸሎት ትቼ ጣዖት የምሠራ ይመስለኛል» አለቻቸው። እርሳቸውም ነገሩን ከጠየቁ በኋላ የቀደሙትን አባቶች ነገር አነሡላት። አባ እንጦንስ በበረሃ ልቡ በታከተ ጊዜ እርሱን የመሰለ ሰው ተቀምጦ ገመድ ሲጐነጕን፣ ከዚያም ተነሥቶ ሲጸልይ፣ ደግሞም ተቀምጦ ሲሠራ እንዳየ፣ ያም ያስተማረው መልአክ እንደነበረ ነገሯት። አባ ጳውሎስ የሚባል ሌላ መናኝም ከገበያ የሰባት ቀን መንገድ ርቆ ይኖር ስለነበር፣ ዓመቱን ሙሉ በዘንባባ ቅጠል ሲሠራ ኖሮ ዋሻው በሞላ ጊዜ ሥራውን ሁሉ በእሳት አቃጥሎ እንደገና ይጀምር እንደነበረ ነገሯት። «ልጄ፣ የሚሸጥለት አልነበረም፤ እጁ ሥራ ሲፈታ ልቡ እንዳይባክንበት ነው። አንቺም ሥሪ። ነገር ግን ሦስት ነገር ጠብቂ፤ ከእንቅልፍሽ ሰዓት አትስረቂበት፤ ያለ ጸሎት አትቀመጪበት፤ ልቀቂው የተባልሽ ቀን ልቀቂው» አሏት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራዋ ሥርዓት ያዘ። የዱቄት ሙጫ እስኪይዝ ድረስ ሁለቱን ካርቶኖች በጣት ጨብጦ መቈየት ያስፈልጋል፤ በዚያም ጊዜ እጅ ሌላ ምንም ሊሠራ አይችልም። እርሷም ያንን ጊዜ ለእግዚኦታ አደረገችው፤ አርባ አንዱን ስትጨርስ ጣቷን ታነሣለች። ያልያዘ እንደሆነ ደግማ ትጀምራለች። ውዳሴ ማርያሙም ተመለሰ።

የቤቱ ልጅ በዚያን ጊዜ የሰባት ዓመት ሕፃን ነበር። ሐምሌ 28 ቀን 2012 ዓ.ም. በቤይሩት ወደብ የነበረው 2,750 ቶን አሞንየም ናይትሬት በፈነዳ ጊዜ የሺያህ መስኮቶችም ረገፉ፤ ያ የመጀመሪያው አይሮፕላንም በመስተዋት ስባሪ ተቀጠቀጠ። ልጁ ከዚያ ወዲህ ማናቸውንም ከሰማይ የሚመጣ ድምፅ ሲሰማ ከጠረጴዛ በታች ይገባ ጀመር። እርሷም ሁለተኛውን አይሮፕላን ስትሠራ ልጁን አጠገቧ አስቀመጠችው፤ ሙጫውንም እንዲይዝላት አደረገች። «ሰው የሚጭነው ድምፁ እየቀረበ፣ ቀስ እያለ ይመጣል» እያለች ድምፅ ከድምፅ መለየት አስተማረችው። ልጁ የእስላም ልጅ ነውና ጸሎቷን አላስተማረችውም፤ እርሱ ግን ስትቈጥር እየሰማ በአማርኛ እስከ አርባ አንድ መቍጠር ዐወቀ።

አንድ ቀን እመቤቲቱ አይሮፕላኑን አንሥታ እያየች «ይህ ያ ባሕር ውስጥ የወደቀው ዓይነት አይደለምን?» አለቻት። እውነት ነበረ፤ ጥር 17 ቀን 2002 ዓ.ም. በሌሊት ከቤይሩት ወደ አዲስ አበባ የተነሣው የኢትዮጵያ አይሮፕላን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ባሕር ላይ ወድቆ በውስጡ የነበሩት 90 ነፍሳት በሙሉ ዐልፈዋል፤ ኢትዮጵያውያንና ሊባኖሳውያን በአንድ ባሕር ሞቱ። እኅታችሁም «አዎን፣ ያው ነው። የወደቀው አንድ ነው፤ ያደረሱት ግን እጅግ ብዙ ናቸው። ስሠራው እነዚያን ነፍሳት አስባቸዋለሁ፤ የእናንተንም የእኛንም» ብላ መለሰች። እመቤቲቱ ዝም ብላ አስቀመጠችው። ከዚያ ወዲህ ባዶውን ቱቦ ራሷ ታስቀምጥላት ጀመር። ደመወዙን ግን አልከፈለቻትም።

ዓመታቱ እንዲህ አለፉ። ማረፊያው ሰኔ 24 ቀን 2012 ዓ.ም. ቢከፈትም ያልተከፈለው ደመወዝና የተቈለፈው ፓስፖርት አላስኬዳትም። ከሠራቻቸው ሁሉ የምትወደው ዲሲ 3 የሚባለውን ትንሹን አይሮፕላን ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የተመሠረተው ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም.፣ በቅዱስ ሚካኤል ወርኃዊ መታሰቢያ ቀን ነው፤ መጋቢት 30 ቀን በዚያው ዓመት በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን ጉዞ ያደረገውም ከዚህ ወገን የሆነ፣ ሁለት ሞተር ያለው አይሮፕላን ነበር። ርዝመቱ 20 ሜትር ያህል፣ ክንፉም 29 ሜትር ያህል ስለሆነ በእርሷ ልክ በመዳፍና በክንድ ላይ የሚያርፍ ሆነ።

በ2017 ዓ.ም. መስከረም ጦርነቱ በረታ። መስከረም 17 ቀን፣ በመስቀል በዓል ምሽት፣ ከሺያህ አጠገብ ባለው በሐረት ሕሬክ ላይ ታላቅ ድብደባ ወረደ፤ በዚያው መከራ ሺያህም ራሷ ኋላ ተመታች። በዚያች ሌሊት ቤተ ሰቡ ወደ ተራራ ሊሸሽ ዕቃውን በመኪና ጫነ፤ ለእርሷ ግን ስፍራ አልነበረም። ብዙ አሠሪዎች በዚያ ወራት ሠራተኞቻቸውን ቤት ቈልፈውባቸው ሸሽተዋል። ይህች እመቤት ይህን አላደረገችም፤ መሳቢያውን ከፍታ ለዓመታት የተቈለፈውን ፓስፖርት በአንዲት ደቂቃ በእጇ አኖረችላት፤ ፊቷንም ሳታያት ወረደች።

ልጁ ዲሲ 3ን ይዞ በደረጃው ላይ ቆሞ ነበር። «ውሰጂው፣ ያንቺ ነው» አላት። እርሷም በዚያች ሰዓት የንስሐ አባቷን ቃል አሰበች። አራት ዓመት በእግዚኦታ የተጣበቀውን ሥራ መልቀቅ እንደ ሥጋ ቍራጭ ሆኖ ተሰማት። ይሁን እንጂ «አንተ ያዘው። ክፉው ድምፅ ሲመጣ በእጅህ ይኑር፤ ሰው የሚጭንም እንዳለ እንዳትረሳ» ብላ በደረቱ ላይ አኖረችለት። እርሷ ነጠላዋን፣ የጸሎት መጽሐፏንና ፓስፖርቷን ብቻ ይዛ በእግሯ ወጣች። በአሽረፊየ የኢየሱሳውያን ማኅበር የሚያስተዳድረው የቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ለስደተኛ ሠራተኞች ደጁን ከፍቶ ነበርና በዚያ ከብዙ እኅቶች ጋር ተጠለለች። ኅዳር 18 ቀን ተኵስ ቆመ፤ ከዐቢይ ጾም አስቀድሞም ወደ አገሯ የምትገባበት መንገድ ተገኘ።

በአይሮፕላኑ ውስጥ ስፍራዋ ከመስኮት አጠገብ ነበር። ክንፉን ተመለከተች፤ ከሥሩ ጀምሮ ወደ ላይ ጥቂት ቀና ብሎ ነበር፤ እርሷም ካርቶኑን እንደዚያ ቀና ለማድረግ ስንት ሌሊት ደክማበታለች። ፈገግ አለች፤ ከዚያም እስከ አርባ አንድ ቈጠረች።

ቡልጋ ስትደርስ ያልተከፈለ ደመወዟን ይዛ አልመጣችም፤ ጎረቤትም «ከዐረብ አገር ምን አመጣሽ?» ብሎ ጠየቃት፤ የምታሳየው አልነበራትም። እናቷ ብቻ ምንም አልጠየቀቻትም። ወራት ካለፈ በኋላ ግን ከሊባኖስ በስልኳ ሥዕል ደረሳት። ዲሲ 3 ነው፤ ግራ ክንፉ ተሰብሮ ነበር፤ ልጁም ዱቄት በውኃ ቀቅሎ ሊጠግነው ይሞክራል። «ሙጫው እስኪይዝ ምን ያህል ልቈይ?» የሚል ጥያቄም ነበረበት። እርሷም «እስከ አርባ አንድ ቍጠር፤ ካልያዘ ደግመህ ቍጠር» ብላ መለሰችለት።

ወደ ቅዱሳት መካናት የምትመጡ ተሳላሚዎች ሆይ፤ በዚህ ማረፊያ ከጎናችሁ የምታድር እኅት ባዶ እጇን ከስደት ብትመለስ ምን አመጣሽ ብላችሁ አትጠይቋት። የእጅዋ ሥራ በሩቅ አገር በሕፃን እጅ ላይ ቀርቶ ይሆናልና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።