ያልሮጠው ሯጭ

እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 1998 የተሠሩት የእንግሊዙ ማክላረን ኤፍ ዋን መኪኖች 106 ብቻ ናቸው። ከመካከላቸው አንዱ በ1998 በሰዓት 386 ኪሎ ሜትር ከነፈ። ሌላው፣ የ1995ቱ፣ በ2021 በካሊፎርኒያ ጨረታ ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣ፤ በ26 ዓመት ዕድሜው የተጓዘው ግን 390 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። የአንድ ሰዓት ግልቢያ!

እንዲህ ያለ መኪና ገበያ ላይ የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው፤ ሲገኝም የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ሄዷል?» ነው። ጥቂት የሄደ ብዙ ያወጣልና፣ ባለቤቱ ሞተሩን ባስነሳ ቁጥር ሀብቱ ሲቀንስ ይታየዋል። እኔ እግረኛው እንዲህ ላለው ባለጸጋ አዝናለሁ። የሚወዱትን መንካት ከፈሩ ባለቤትነቱ ወዴት አለ? ይህስ ለሚቀጥለው ገዢ ዘብ መቆም ነው።