ጉልበትና እውቀት

ወጣቶች ሆይ! ጉልበት የተፈጥሮ ስጦታ ነው፤ ጉልበትን በሥርዓት ማሳደግ ግን እውቀት ነው። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ይዞ ሲወለድ ሁለተኛውን ሳያገኝ ያረጃል። ዛሬ ላነሣላችሁ የፈለግሁት፣ ይህን ሁለተኛውን ነገር ለሌላው ሰው እያካፈሉ ስለሚኖሩበት ሙያ፣ ማለትም ስለ አካል ብቃት አሠልጣኝነት ነው።

የመንዝን፣ የግሼንና የመርሐቤቴን አገር የሚያውቅ ሰው የጉልበትን ነገር በቅርብ ያውቃል። ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ በሆነው የመንዝ ደጋ ላይ ገብስ የሚያጭደው ገበሬ፣ በብርድ በግ የሚጠብቀው እረኛ፣ ከጀማ ሸለቆ ተነሥቶ አቀበቱን እየወጣ ወደ ዓለም ከተማ ገበያ የሚጓዘው የመርሐቤቴ ሰው፣ ሁሉም ማንም ሳያዛቸው ሰውነታቸውን ሲያሠሩ ይውላሉ። በከፍታ ቦታ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ያነሰ ነው፤ ሰውነትም ይህን ለማካካስ ኦክስጅን የሚያጓጉዙትን ቀይ የደም ሕዋሳት ያበዛል። ከእናንተም መካከል ትምህርት ቤት ለመድረስ በየቀኑ ሁለት ሰዓት የሚጓዝ ይኖራል። እንዲህ ባለ አገር ያደገ ሰው፣ ገንዘብ ተከፍሎ ስለሚሠራ እንቅስቃሴ ሲነገረው ቢስቅ አይፈረድበትም።

መምህር በነበርሁበት ዘመን አንድ የመንዝ አባት ልጃቸው የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ሊያጠና መፈለጉን ሰምተው፣ «መምህር፣ ይህን ልጅ ከእርሻ አስቀርቼ ያስተማርሁት ዝላይ እንዲያስተምር ነውን? ዝላይማ ጥጃም ያውቅበታል» አሉኝ። አባት ልጁን የሚያስተምረው እንጀራ እንዲበላበት ነውና ጥያቄያቸው የሚናቅ አልነበረም። ስለዚህ መልሱን ከታሪክ እንፈልገው።

ከደብረ ብርሃን ብዙም በማይርቀው በመንዲዳ አካባቢ፣ ጃቶ በተባለ ቦታ፣ በ1924 ዓ.ም. አንድ ልጅ ተወለደ። ያ ልጅ ኋላ የክብር ዘበኛ ወታደር የሆነው አበበ ቢቂላ ነው። የአበበ ጉልበት ከደጋው አገር የተገኘ ነበር። ነገር ግን በዚያ ዘመን በሰሜን ሸዋ ደጋ ጠንካራ እግር የነበረው እርሱ ብቻ አልነበረም። ልዩነቱን ያመጣው፣ ኦኒ ኒስካነን የተባሉ ስዊድናዊ አሠልጣኝ ጉልበቱን አይተው በመለካት፣ በመመዝገብና በዕቅድ በመምራት መልክ ስላስያዙለት ነው። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. አበበ ሮማ ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ሲፈጽም፣ ተፎካካሪውን ጥሎ የሄደው ያን ጊዜ በዚያች ከተማ ይገኝ በነበረው የአክሱም ሐውልት አካባቢ ነበር። በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ደግሞ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ጥገና ካስወጣ 6 ሳምንት እንኳ ሳይሞላው ቶኪዮ ላይ በድጋሚ አሸነፈ። የመጨረሻውን መሥመር ካለፈ በኋላም ሜዳው ላይ ሆኖ ሰውነቱን ሲያፍታታ ተመልካቹ ተደንቆ አየው። ይህ በልምምድ የተገኘ ሥርዓት እንጂ የጉልበት ትርፍ ብቻ አልነበረም።

ሁለተኛው ምሳሌ ከአርሲ ነው። በቆጂ በተባለችው ከተማ ስንታየሁ እሸቱ የተባሉ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነበሩ። እኒህ መምህር ሕፃናቱን ሜዳ ላይ እያስተዋሉ፣ የሩጫ ስጦታ ያላቸውን እየለዩ ያሠለጥኑ ጀመር። በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ያሸነፈችው ደራርቱ ቱሉ፣ በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ በማራቶን ያሸነፈችው ፋጡማ ሮባ፣ በ2000 ዓ.ም. በቤይጂንግ እያንዳንዳቸው በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ድርብ ወርቅ ያገኙት ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ በእኒህ መምህር እጅ ያለፉ ናቸው። በሌላ ትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ማለት ለተማሪዎች ኳስ ወርውሮ ጥላ ሥር መቀመጥ የሆነበትን ጊዜ እኔም ታዝቤአለሁ። ክፍለ ጊዜው አንድ ዓይነት ነው፤ ሰው ግን ይለያያል። ለአባትዮውም የምሰጠው መልስ ይኸው ነው፤ ጥጃ ይዘላል እንጂ ሌላው ጥጃ መቼ መዝለል፣ መቼም ማረፍ እንደሚገባው አያውቅም።

እንግዲህ አሠልጣኝ የሚያስፈልገው ለሯጭ ብቻ ነው ወይ? አይደለም። በከተማ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የሚውል ሠራተኛ አለ፤ የስኳር ሕመም ወይም የደም ግፊት ያለበት ሰው አለ፤ ከስብራት ያገገመ አለ፤ ጉልበቷ የደከመ እናት አለች። የዓለም ጤና ድርጅት ጎልማሳ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ፣ በእናንተ ዕድሜ ያለ ወጣት ደግሞ በየቀኑ 60 ደቂቃ እንዲንቀሳቀስ ይመክራል። በ1994 ዓ.ም. የተጀመረው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያና በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው «መንገድ ለሰው» ብዙ የከተማ ሰው ወደ አደባባይ እንዲወጣ አድርገዋል። በየሰፈሩም የስፖርት ቤቶች ተከፍተዋል። ለአንድ ሰው ብቻ ተመድቦ፣ የዚያን ሰው ዕድሜና ጤና አጥንቶ የሚያሠራው ባለሙያ የግል አሠልጣኝ ይባላል።

ይህን ሙያ ለመያዝ የሚሻ ተማሪ በመጀመሪያ የባዮሎጂ ትምህርቱን ማጥበቅ አለበት። አጥንትና ጡንቻ፣ ልብና ሳንባ እንዴት እንደሚሠሩ ሳያውቅ ሌላውን ማሠራት፣ ሞተር ሳያውቅ መኪና እንደ መፍታት ነው። ቀጥሎ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሌሎች የስፖርት ሳይንስ ትምህርት በሚሰጥባቸው ተቋሞች ይማር። ከዚያም በሠለጠነ ሰው ሥር ሆኖ ይለማመድ። አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። የሰው ልብ በደቂቃ ሊመታ የሚችለው ከፍተኛው ቁጥር፣ ከ220 ላይ ዕድሜን በመቀነስ በግምት ይገኛል። የ40 ዓመት ሰው ግምቱ 180 ነው ማለት ነው። ጀማሪ ከሆነ አሠልጣኙ ከዚህ 60 በመቶውን፣ ማለትም 108 ያህሉን ይዞ ይጀምርና በየሳምንቱ ጥቂት በጥቂት ይጨምራል። ይህ ግምት ለሰው ሁሉ እኩል ስለማይሠራና የልብ መድኃኒት የሚወስድ ሰውም ሐኪም ሳያማክር መጀመር ስለማይገባው፣ አስተዋይ አሠልጣኝ ከቁጥሩ ጋር የሰውየውን ፊትና ትንፋሽ ያያል።

የሙያው ፈተናም አይሰወርባችሁ። ገቢው እንደ መንግሥት ደመወዝ በየወሩ የተወሰነ አይደለም፤ ሠልጣኝ ሲበዛ ይበዛል፣ ሲቀር ይቀራል። ሥራው የሚበዛው ሰው ከቢሮ በፊትና ከቢሮ በኋላ በሚያገኘው ጊዜ ስለሆነ ንጋትና ምሽት የአሠልጣኙ አይደሉም። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን ገበያ ለማግኘት ሲባል የሚነገር ውሸት ነው። «በአንድ ወር ሰውነትህን እለውጥልሃለሁ» ብሎ ከአቅም በላይ የሚያሸክም፣ ወይም ጡንቻ ያፋፋል ብሎ የማያውቀውን መድኃኒት የሚሰጥ ሰው ወገብና ልብ ይጎዳል። የተበላሸ ልብስ ይተረተራል፤ የተበላሸ ወገብ ግን ብዙ ጊዜ ዕድሜ ልክ አብሮ ይኖራል። ስለዚህ በዚህ ሙያ ታማኝነት ከጉልበት ይቀድማል።

«ታዲያ ይህ የአዲስ አበባ ሥራ እንጂ የእኛ አገር ሥራ ነውን?» ትሉ ይሆናል። እርግጥ ነው፤ በግል ከፍሎ የሚሠለጥን ሰው የሚበዛው በትልቅ ከተማ ነው። ነገር ግን በቆጂም ትንሽ ከተማ ነበረች፤ ሜዳዋ ሣር፣ መሣሪያዋም የአንድ መምህር ዓይን ነበር። በመሐል ሜዳም ሆነ በዓለም ከተማ ትምህርት ቤት አለ፤ ጤና ጣቢያ አለ፤ ተቀምጦ የሚውል ሠራተኛም አለ። ሁሉም ወደ ከተማ ቢሰደድ እነዚህን ማን ያያቸዋል?

ሙያውን መሞከር የሚፈልግ ከዛሬ ይጀምር። ደብተር ይያዝ፤ ጠዋት ከመኝታው ሲነሣና አቀበት ወጥቶ ሲጨርስ የልቡን ምት ለአንድ ደቂቃ ቆጥሮ ይጻፍ፤ ይህንኑ ለአንድ ወር ያድርግ። ወር ሲሞላ ደብተሩ ከጉልበቱ ይበልጥ ስለ ራሱ ይነግረዋል። ሰው የራሱን ሰውነት ማንበብ ሲችል፣ የሌላውን ሰው ሰውነት በአደራ ለመቀበል የመጀመሪያውን ደረጃ ረገጠ ማለት ነው።