ጨው በታኙ ሰውዬ

ላስ ቬጋስ፣ ኤፕሪል 4 ቀን 1993። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በሲዘርስ ፓላስ ግቢ፣ ጣሪያ በሌለው ሜዳ፣ የሬስሊንግ ሻምፒዮኑ ብሬት ሃርት ከ200 ኪሎ በላይ የሚመዝነውን ዮኮዙናን ዘርሮ እግሮቹን ጠምዝዞ ይዞታል። ጨዋታው ሊያልቅ ነው።

ከቀለበቱ ጥግ ኪሞኖ የለበሰ አንድ ሽማግሌ እፍኝ ጨው ዘግኖ ሻምፒዮኑ ዓይን ውስጥ በተነው። ብሬት ሃርት ዓይኑን እንደያዘ ተሸነፈ።

ሽማግሌው በዚህ አልበቃውም። የተጎዳውን ጓደኛውን ሊያይ የመጣውን ሀልክ ሆጋንን አሁኑኑ ለቀበቶው ይግጠም ብሎ ተፈታተነው። ሆጋን ገባ። ሁለተኛው እፍኝ ጨው ሲወረወር ሆጋን ጎንበስ አለና ጨው የዮኮዙናን ዓይን አገኘው። ግጥሚያው በ22 ሰከንድ አለቀ፤ ቀበቶው የሆጋን ሆነ።

በየቪዲዮ ቤቱ ሬስሊንግ እያዩ ያደጉ ሰዎች ሆጋንን አይረሱም። የጨው በታኙን ስም የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። ሚስተር ፉጂ ይባላል፤ እናት አባቱ ያወጡለት ስም ሃሪ ፉጂዋራ ነው። ያን ቀን ሊሞላው አንድ ወር የቀረው 59ኛ ዓመቱን ነበር።

አሁን ልብ በሉ። በዚያ ቀለበት የጃፓን ባንዲራ ይዘው ከቀረቡት ሁለቱ ሰዎች አንዳቸውም ከጃፓን አልመጡም። ዮኮዙና ከሳሞአ ቤተሰብ ሳን ፍራንሲስኮ የተወለደ አሜሪካዊ ነው። ፉጂ ደግሞ በ1934 ሆኖሉሉ፣ ሃዋይ ነው የተወለደው። ጃፓን ፐርል ሃርበርን ስትደበድብ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር፤ ያውም ቦምቡ የወረደበት ደሴት ልጅ። በዚያን ጊዜ ከሃዋይ ሕዝብ ከሲሶ በላይ የሚሆነው የጃፓን ዘር ያለው ነበር። ባሕሩን ተሻግሮ በዋናው የአሜሪካ ምድር ደግሞ የእነሱው ዓይነት ሰዎች፣ 120 ሺህ ገደማ፣ በካምፕ ታጎሩ።

ያ ልጅ አድጎ ለሠላሳ ዓመት እንጀራ ያበላው ሥራ ተንኮለኛ ጃፓናዊ መስሎ መታየት ነበር።

ሥራው እንዲህ ነው። ቴሌቪዥን አገሩን ሳያጠቃልለው በፊት የአሜሪካ ሬስሊንግ በአዘጋጆች ተከፋፍሎ የተያዘ ነበር፤ እያንዳንዱ የራሱ ክልል፣ የራሱ ጀግና አለው። ጀግና ደግሞ የሚያሸንፈው ክፉ ሰው ይፈልጋል። ክፉው ከሌላ ክልል ይመጣል፣ ጥቂት ወራት ያታልላል፣ ሕዝቡን ያናድዳል፣ አዳራሹን ያስሞላል፣ በመጨረሻ ይሸነፍና ሻንጣውን ይዞ ወደሚቀጥለው ከተማ ይሄዳል። እዚያም እንደገና ይሰደባል። ጀግናው ቤቱ ያድራል፤ መንገደኛው ክፉው ነው። ከጦርነቱ በኋላ ባለች አሜሪካ ለዚህ ሚና የጃፓን ፊት ያለው ሰው ማስታወቂያ እንኳ አያስፈልገውም ነበር።

ፉጂ ምንም አላገኘም ማለት አይደለም። በ1972 ከፕሮፌሰር ታናካ ጋር ሆኖ የዛሬው ደብሊው ደብሊው ኢ የጥንድ ሻምፒዮን ሆነ፤ ከታናካ ጋር ሦስት ጊዜ፣ ከሚስተር ሳይቶ ጋር ሁለት ጊዜ፣ በድምሩ አምስት። (ታናካም ቢሆን ቻርልስ ካላኒ የሚባል የሆኖሉሉ ልጅ፣ የአሜሪካ ጦር የቀድሞ ወታደር ነው።) ለብቻው ግን ዋናውን ቀበቶ አንድም ቀን አልያዘም። እንዲይዝም አልታሰበም።

በ1985 ሃምሳ ዓመት ሲያልፈው ማናጀር ሆነ። በሬስሊንግ ማናጀር ማለት ውል የሚፈርም ሰው አይደለም። አፍ የሌለውን ግዙፍ ወክሎ የሚናገር፣ ዳኛውን የሚያዘናጋ፣ በመጨረሻም ለሕዝቡ እርካታ ሲባል የሚደበደብ ሰው ነው። ፉጂ ይህን አሳምሮ ያውቅበታል። ጥቁር ኮት፣ ክብ ባርኔጣ፣ ከዘራ። በ1988 ከዘራውን ለዲሞሊሽን ጥንድ አቀብሎ የጥንዱን ቀበቶ አስያዛቸው፤ ያን ቀበቶ 478 ቀን ይዘውት ቆዩ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ከዳቸውና ወደ ተቀናቃኞቻቸው ዞረ። ክህደቱም ቢሆን ሥራ ነበር፤ ተጽፎ የተሰጠው። ጥሩ ክፉ ሰው መሆን ሌላውን ማግነን ነው፤ የፉጂ ሙያ ከዚህ ሌላ አልነበረም፤ በዚህ ደግሞ የሚደርስበት ጥቂት ነው።

አሁን ወደሚከነክነው ነገር እንምጣ። በ1989 ኩባንያው ለኒው ጀርሲ ሴኔት ሬስሊንግ ውድድር ሳይሆን መዝናኛ መሆኑን በይፋ አመነ። የፈለገው ከስፖርት ኮሚሽን ቁጥጥርና ከግብሩ መውጣት ነበር። ተሳካለትም። መዝናኛ ነው ተባለ፤ እሺ። ግን በመዝናኛው ወለሉ ላይ የሚወድቀው ጀርባ እውነተኛ ነው፤ ጭንቅላቱም። ሬስለሮቹ ደግሞ በውላቸው ላይ ተቀጣሪ ሳይሆኑ በግላቸው የሚሠሩ ተቋራጮች ናቸው። የት ከተማ እንደሚሄዱ፣ ማን እንደሚያሸንፍ፣ ምን ዓይነት ሰው መስለው እንደሚታዩ የሚወስነው ኩባንያው ነው፤ ጡረታና የጤና መድን ሲነሳ ግን የራሳቸው አለቃ ይሆናሉ። ይህን ዘዴ ለማየት ዛሬ ቬጋስ ድረስ መሄድ አያስፈልግም።

ፉጂ ሥራውን በ1996 ተወ። ቴነሲ ውስጥ ወጣቶችን አሠለጠነ። በ2007 የኩባንያው የክብር መዝገብ ውስጥ ገባ፤ የቀድሞ ልጁ ዶን ሙራኮ አስተዋወቀው።

በጁላይ 2016 ከ50 የሚበልጡ የቀድሞ ሬስለሮች በኮኔቲከት ፍርድ ቤት ኩባንያውን ከሰሱ። ጭንቅላታችን ላይ ስለሚደርሰው ጉዳት እያወቃችሁ አልነገራችሁንም፣ ተቀጣሪ ሆነን ሳለ ተቋራጭ አላችሁን ነው ክሱ። ኩባንያው አስተባበለ። ከከሳሾቹ አንዱ የ82 ዓመቱ ሃሪ ፉጂዋራ ነበር። ክሱ በተመሠረተ በሁለተኛው ወር ሳይሞላው፣ ኦገስት 28፣ ሞተ።

በሴፕቴምበር 2018 ዳኛዋ ክሱን ውድቅ አደረጉት። ብዙዎቹ ከቀለበት ከወጡ ረጅም ዘመን ስለሆናቸው ይርጋ ዋነኛ ጉዳይ ነበር። ሕግ ነው፤ ይርጋ ባይኖር ክስ ማለቂያ የለውም። ችግሩ ሲቲኢ የሚባለው፣ ተደጋጋሚ ምት የሚያመጣው የአንጎል በሽታ፣ በእርግጠኝነት የሚታወቀው ሰው ሞቶ አንጎሉ ሲመረመር ብቻ ነው። በሕይወት ያለው ማስረጃ የለውም፤ ማስረጃ ያለው ሞቷል።

በዚያው ዓመት የፉጂ አንጎል ምርመራ ውጤት ለሕዝብ ተነገረ። ሲቲኢ ነበረበት። ይግባኙም ቢሆን አልተሳካም።