ከቲሸርቱ በፊት

እኛ ልጆች ሳለን፣ ሐዋሳ ውስጥ ያለ ምክንያት የሚሮጥ ሰው ወይ ሰርቋል ወይ አእምሮው ተነክቷል ተብሎ ይጠረጠር ነበር። ማለዳ ከአዲስ ከተማ ወደ ሐይቁ ስንሮጥ፣ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለሙ እናቶች ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው «ምነው ልጄ፣ ማን አባረረህ?» ይሉ ነበር። መልስ ለመስጠት መቆም አይቻልም፤ ፍጥነታችንን የሚወስነው የሰፈሩ ውሻ ነበርና።

ሐዋሳ ሜዳ ናት። ዳገት ያማረው ሰው ታቦር ተራራ ላይ መውጣት ነበረበት። ሸራ ጫማ ያለው ልጅ አንድ ዙር ወጥቶ ይወርድና ለተረኛው ያወልቅለታል፤ እግር ጠበበው ሰፋው ማን ይጠይቃል! ተመልካቹም አይጠፋም። የሰውን ዕድሜ ለመገመት ሯጭ ሲያይ የሚጠራውን ስም መስማት ይበቃ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ «አበበ ቢቂላ!»፣ ጎልማሶቹ «ማርሽ ቀያሪው!»፣ ከአትላንታ ወዲህ ደግሞ ልጅ አዋቂው «ኃይሌ!»።

ሴት ልጅ ግን አትሮጥም ነበር። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ ስታጠልቅ ሰፈሩ እልል ብሎ ነበር። በማግስቱ እህቴ «እኔም ከእናንተ ጋር ልውጣ» ስትል ግን፣ ያው እልል ያለው ሰፈር «የማን ልጅ ናት?» ማለት ጀመረ። ያን ጊዜ ሴት ልጅ የምትጣደፈው ወፍጮ ቤት ሊዘጋባት ሲል ብቻ ነበር።

ኅዳር 1994 አዲስ አበባ ላይ ታላቁ ሩጫ ተጀመረ፤ 10 ኪሎ ሜትር፣ 10,000 ሰው፣ አሸናፊው ራሱ ኃይሌ። ከዚያ በኋላ ሩጫ ዓመት በዓል ሆነ። ለሐዋሳም የራሷ ግማሽ ማራቶን መጣላት፦ ለጠንካራው 21 ኪሎ ሜትር፣ ለብዙኃኑ አጠር ያለ፣ ለሕፃናትም የራሳቸው። ሥርዓቱን አሁን ሁሉም ያውቀዋል። ቲሸርት ቀደም ብሎ ይወሰዳል፤ ልጃገረዶቹ አንገቱን በመቀስ ቀደው፣ ጎኑን ቋጥረው ያሳምሩታል። መነሻው ላይ ይጨፈራል፤ እየሮጡ ይዘፈናል፤ ውሃው ግማሹ ይጠጣል፣ ግማሹ ይረጫል። መጨረሻው ላይ ሜዳሊያ፣ ከሜዳሊያው ጋር ፎቶ፣ ከፎቶው በኋላ አሞራ ገደል ወርዶ ዓሣ።

ቲሸርቱን የማመሰግንበት አንድ ነገር አለኝ። ደራርቱ በወርቅ ያላስቆመችውን የሰፈራችንን ሐሜት እሱ ዝም አሰኝቶታል። አንዲትን ሴት «የማን ልጅ ናት?» ማለት ይቀላል፤ አንድ ዓይነት ለብሰው የሚያልፉትን ሺህ ሴቶች ግን ማን ቆጥሮ ያማል? ያቺ እህቴ ዛሬ ከልጇ ጋር ትሮጣለች፤ ጎረቤቱም በር ላይ ወጥቶ ያጨበጭብላታል።

ችግሩ የመሮጥ ፈቃዱ ከጨርቁ ጋር መሰፋቱ ነው። ያኔ ሰውን ከሩጫ የሚከለክለው ይሉኝታ ነበር፤ አሁን «ዘንድሮ ቲሸርት አልደረሰኝም» የሚል ሰው ዓመቱን ሙሉ አይሮጥም። ቲሸርት ያልገዙት የሰፈር ልጆች ደግሞ በሩጫው ቀን በነጠላ ጫማ ከዳር ዳር ይከተሉንና፣ እኛ ቆመን ፎቶ ስንነሳ ጥለውን ያልፋሉ። እነሱ ሜዳሊያም ፎቶም የላቸውም።

አንድ ወዳጄ የየዓመቱን ቲሸርት አጥቦ፣ ተኩሶ፣ በቀለም ለይቶ አስቀምጧል። በአዘቦት ቀን እየቀያየረ ይለብሳቸዋል፤ ከቤቱ እስከ ማዕዘኑ ሱቅ ድረስ ግን በባጃጅ ነው የሚሄደው። ባለፈው እዚያው ሱቅ አግኝቼው «በርታ፣ ቲሸርትህ ከአንተ የበለጠ ኪሎ ሜትር ሸፍኗል» አልኩት። ሳቀና ለባጃጁ ሹፌር ሂሳብ ከፈለ። ሹፌሩ መልስ እየቆጠረ «ጋሼ፣ እኔ ማለዳ ማለዳ ታቦር እወጣለሁ፤ ይቺ ቲሸርት የት ነው የምትሸጠው?» አለው።