ከፍተኛ 9ን አትላንታ ላይ ያገኙት ሴቶች

በ1980ዎቹ ማብቂያ ላይ ነው። አሜሪካ፣ አትላንታ ከተማ፣ ኮሎኒ ስኩዌር በሚባል ሆቴል ውስጥ የአሳንሰር በር ተከፈተና አንድ የሆቴሉ ሠራተኛ ወጣ። ሥራው የእንግዳ ሻንጣ መሸከም ነው። በዚያው ሆቴል አስተናጋጅ የነበረችው እጅጋየሁ ታዬ አየችው። ይህን ፊት የምታውቀው ከአትላንታ አይደለም። አዲስ አበባ ላይ፣ በቀይ ሽብር ጊዜ፣ እሷ ታስራ ስትገረፍ የከፍተኛ 9 ሊቀ መንበር የነበረው ሰው ነው። ቀልቤሳ ነገዎ።

(የውጭው ነገር ሲነሣ ዓመቱ እንደ ፈረንጆቹ ነው፤ የአገር ቤቱ በእኛው።)

ብዙ ወጣት ጎልደን ስቴት ኪለር የተባለውን የካሊፎርኒያ ነፍሰ ገዳይ ታሪክ በዩቲዩብ በቃሉ ያውቀዋል። ከ1970ዎቹ አጋማሽ እስከ 1986 ድረስ 13 ሰው ገድሎ፣ ብዙ ሴቶችን ደፍሮ፣ ከዚያ እንደ ጉም የጠፋ ሰው። ሚሼል ማክናማራ የምትባል ጸሐፊ ዕድሜዋን ሰጥታ አሳደደችው፤ መያዙን ሳታይ በ2016 ሞተች። በ2018 ፖሊስ ከወንጀሉ ቦታ የቆየውን ዲኤንኤ ሰዎች የዘር ሐረጋቸውን በሚፈልጉበት ድረ ገጽ ላይ አስገብቶ፣ ከሩቅ ዘመድ ወደ ቅርብ ዘመድ እየቆጠረ፣ ጆሴፍ ዲአንጀሎ ደጃፍ ደረሰ። ሰውየው 72 ዓመቱ ነበር። የቀድሞ ፖሊስም ነበር። ማራኪ ካምፓስ ሕግ የሚማር ልጅ ይህን ሁሉ ሊነግርህ ይችላል። እጅጋየሁ ታዬ ማን ናት ብትለው ግን ዝም ይልሃል። ጥፋቱ የልጁ አይደለም፤ ማንም አልነገረውም።

የእኛዎቹ ፈላጊዎች ዲኤንኤ አልነበራቸውም። ቤተ ሙከራም፣ ፋይልም፣ ጡረታ የወጣ መርማሪም አልነበራቸውም። የነበራቸው የሰው ፊት የማይረሳ ዓይንና ስልክ ነው።

እጅጋየሁ ሆቴሉ ውስጥ አልጮኸችም፤ አንገቱንም አላነቀችም። የምታውቃቸውን ፈለገች። ኤልሳቤጥ ደምሴ አሜሪካ ነበረች፤ እሷም በቀልቤሳ እጅ ያለፈች ናት፤ እህቷ ተወስዳ አልተመለሰችም። ሂሩት አበበ ካናዳ ነበረች፤ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለች የተገረፈች። በሦስት ከተማ የተበተኑ ሦስት ስደተኞች ተገናኙ፤ በነጻ የቆሙላቸው ጠበቆች አገኙ፤ በ1990 አትላንታ በሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት ክስ መሠረቱ። ክሱ የቆመበት ሕግ በ1789 የወጣ፣ የውጭ አገር ሰው ለደረሰበት የዓለም አቀፍ ሕግ ጥሰት አሜሪካ ውስጥ ካሣ እንዲጠይቅ የሚፈቅድ ነው።

በ1993 ተፈረደላቸው። ለእያንዳንዳቸው 500 ሺህ ዶላር፣ በድምሩ 1.5 ሚሊዮን። ሻንጣ ተሸካሚ ይህን ከየት ያመጣል? እነሱም ያውቁታል። የፈለጉት ገንዘቡን አልነበረም፤ አንድ ዳኛ ምስክርነታቸውን ሰምቶ «ይህ ሰው ይህን አድርጓል» ብሎ እንዲጽፍ ነበር። ጻፈ።

ከዚያ የሆነው ግን ሰውን ያበሳጫል። ፍርዱ ከተሰጠ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1995፣ የአሜሪካ መንግሥት ለቀልቤሳ ዜግነት ሰጠው። አንዱ መሥሪያ ቤት የሌላውን ወረቀት አያነብም፤ ይህ የእኛ አገር በሽታ ብቻ የሚመስለን ካለን ተሳስተናል። ይግባኙ በ1996 ውድቅ ተደረገ፤ ሰውየው ግን ሥራውን እየሠራ ኖረ። አገር ቤት በሌለበት የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት። ዜግነቱ የተነሣው በ2004 ነው። በጥር 2005 ተያዘ፤ በጥቅምት 2006 ወደ ኢትዮጵያ ተባረረ። የአሳንሰሩ በር ከተከፈተ ጀምሮ ሲቆጠር ከ15 ዓመት በላይ ነው። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ሴቶቹ በየጊዜው የተጠሩበት ቦታ ሄደው ያንኑ ታሪክ ደግመው ተናግረዋል። የተገረፈ ሰው ግርፋቱን ለማያውቀው ሰው በሌላ ቋንቋ ደጋግሞ ሲያስረዳ ምን እንደሚሰማው ለመገመት አዋቂ መሆን አያስፈልግም።

ሁለተኛው ታሪክ ከዴንቨር ነው። በ2011 አንድ የቀድሞ የከፍተኛ 15 እስረኛ ሐበሾች በሚያዘወትሩት ካፌ ውስጥ አንድ ሽማግሌ አየ። ሽማግሌው በከተማው አውሮፕላን ማረፊያ የመኪና ማቆሚያ የሚሠራ፣ ልጆች አሉት የሚባል፣ ሰው የሚያከብረው አባት ነው። እስረኛው ያየው ግን ከፈለኝ ዓለሙን፣ የከፍተኛ 15 እስር ቤት ጠባቂና ገራፊ የነበረውን ነው። ስሙ ሌላ ነበር፤ በ2004 ከኬንያ ሲመጣ የሌላ ሰው ስም ይዞ፣ የሌላ ሰው ልጆች አባት ሆኖ ነው የገባው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይባል። ያየው ሰው ብቻውን ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ «አንተ ነህ፣ አይደለሁም» ሆኖ ይቀር ነበር። ከ30 ዓመት በኋላ የአንድ ሰው ዓይን ሊሳሳት ይችላል፤ ማንኛውም ጠበቃ ይህንን ነው መጀመሪያ የሚያነሣው። ጉዳዩን የፈታው በተለያየ ከተማ የሚኖሩ የቀድሞ እስረኞች ሰውየውን መለየታቸው ነው። እንዲህ ባለው ምርመራ መርማሪ የበርካታ ሰዎችን ፎቶ ደርድሮ «ከእነዚህ የምታውቀው አለ?» ይላል፤ ምስክሩ ማን እንደተጠረጠረ አይነገረውም። ከፈለኝ በነሐሴ 2012 ተያዘ፤ በ2014 ዳኛ ጆን ኬን 22 ዓመት እስራት ፈረዱበት። የተፈረደበት በግድያ አይደለም። በውሸት ስም በመግባትና ዜግነት በማግኘት ነው። የአሜሪካ ፍርድ ቤት አዲስ አበባ ውስጥ በ1970 ዓ.ም. የተፈጸመን ግርፋት በወንጀል የሚዳኝበት ሕግ ስላልነበረው በእጁ ባለው ሕግ ያዘው። ቅጹ ላይ «ሰው አሳድደህ ታውቃለህ?» የሚል ጥያቄ ነበር፤ አላውቅም ብሎ ነበር።

ለእኛ ለአማራ ክልል ሰዎች የሚቀርበው ግን ሦስተኛው ነው። እሸቱ ዓለሙ በደርግ ዘመን የጎጃም ተጠሪ ነበር። ከ1990 ጀምሮ ኔዘርላንድስ ይኖር ነበር። በ1970 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ደብረ ማርቆስ ውስጥ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ 75 እስረኞች ተገደሉ፤ አብዛኞቹ ወጣቶች ነበሩ። በ2015 ተያዘ፤ በታኅሣሥ 2017 የሄግ ፍርድ ቤት የዕድሜ ልክ እስራት ፈረደበት፤ በ2022 ይግባኝ ሰሚውም አጸናው። እዚህ ጉዳይ ላይ ከምስክሮቹ ጎን የቆመው ወረቀት ነው። ደርግ ሲገድል ይጽፋል፤ ስም ዝርዝር፣ ውሳኔ፣ ፊርማ፣ ማኅተም። ገዳዮቹ መቼም አንጠየቅም ብለው ነው የፈረሙት። ፊርማው ዴን ሃግ ድረስ ተከተለው።

ጎንደርስ? ጎንደር ውስጥ ቀይ ሽብር ሲነሣ መጀመሪያ የሚመጣው ስም የሻለቃ መላኩ ተፈራ ነው። እናቶች ልጃቸውን እንዲምርላቸው የተማጸኑበት ግጥም አገሩን ሁሉ ያዳረሰ ነው፤ እዚህ መድገም አያስፈልግም፤ ጎንደር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። መላኩ ግን አገሩ ላይ ተከሶ ተፈርዶበታል። የግጥሙ ዝና አንድ ነገር ሸፈነ፤ በአንድ ስም ውስጥ ብዙ ስም ተጠቅልሎ ቀረ። በየቀበሌው ቤት እያንኳኳ ልጅ ያወጣው፣ ዝርዝር የጻፈው፣ ገመድ የያዘው አንድ ሰው አልነበረም። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ከሠራዊቱና ከሹማምንቱ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን የወጡ ነበሩ። በዚያው መንገድ ከእነሱ በፊት ከደርግ የሸሹ አልፈውበታል። አሳዳጅና ተሳዳጅ በየተራ አንድ የስደተኛ ቅጽ ሞሉ።

አሁን ወደ ዛሬው እንምጣ፤ ይህ ሁሉ የተጻፈውም ለዛሬው ነው።

ዛሬ ሁሉም ሰው መርማሪ ነው። አንድ ቪዲዮ ይወጣል፤ ከሰዓታት በኋላ ፊቱ በቀይ ተከቦ፣ ስሙ፣ ሰፈሩ፣ የሚስቱ ሥራ ጭምር በየቻናሉ ይለቀቃል። «ገዳዩ ይኸው፣ ሼር አድርጉ»። የሚያደርጉት ሰዎች ክፉ አይደሉም፤ ብዙዎቹ ሰው የሞተባቸው ናቸው። ፖሊስ ጣቢያ ሄደው «ማስረጃ አምጡ» ተብለው የተመለሱም አሉ። ቁጣቸው እውነት ነው። ግን የሚያደርጉት ነገር ከእነእጅጋየሁ ሥራ ጋር ፈጽሞ አይመሳሰልም።

ባሕር ዳር ላይ የሆነው ብዙም አልራቀም። ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር ነበሩ። በ2014 ዓ.ም. መስከረም ማብቂያ ላይ ፎቷቸው፣ ስማቸው፣ የሚሠሩበትና የሚኖሩበት ቦታ በፌስቡክ ተለቀቀ፤ ወንጀለኛ ተባሉ። በጥቅምት ማብቂያ በቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ። ልጃቸው በ2022 ናይሮቢ ላይ የፌስቡክን ባለቤት ኩባንያ ከሰሰ፤ የኬንያ ፍርድ ቤትም ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን አለኝ ብሏል። ፎቶውን ከለጠፉት መካከል ራሱን ገዳይ አድርጎ የሚቆጥር መኖሩ ያጠራጥራል። እሱ «መረጃ ያጋራ» ነው።

የተሳሳተ ሰው መሞቱ ይቅርና፣ ፎቶው የትክክለኛው ገዳይ ቢሆን እንኳ ሌላ ጉዳት አለ፤ ሰው የማያስተውለው ይህንን ነው። ፊቱ «ገዳይ» ከሚል ጽሑፍ ጋር መቶ ሺህ ስልክ ላይ ከዞረ በኋላ፣ በቦታው የነበረች እናት ፍርድ ቤት ቀርባ «እሱ ነው» ብትል፣ የተከሳሹ ጠበቃ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቃታል፦ «ፎቶውን ቴሌግራም ላይ አይተሽዋል?» አይታዋለች። ከዚያ በኋላ የምታስታውሰው የዚያን ቀን ፊት ይሁን የስልኳን ፎቶ፣ ለራሷም መለየት ያቅታታል። የዴንቨሩ ፎቶ ድርድር የሠራው ምስክሮቹ ቀድመው ስላልተነገራቸው ነው። ሼር ያደረግነው ሁሉ ከምስክር ላይ የተሰረቀ ነው። ገዳዩም ቢሆን ፎቶው ሲወጣ ስሙን ለውጦ፣ አገር ለውጦ ይጠፋል።

የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲው በሚያዝያ 2016 በሚኒስትሮች ምክር ቤት ከጸደቀ ወዲህ ስለ ልዩ ዐቃቤ ሕግና ልዩ ችሎት ብዙ ተብሏል። ይቋቋማል፣ አይቋቋምም የሚለው ክርክር የራሱ ቦታ አለው። ተቋቋመም አልተቋቋመም፣ አንድ ቀን አንድ ዳኛ አንድ ቦታ ይጠይቃል፤ ሄግ ሊሆን ይችላል፣ አትላንታ ሊሆን ይችላል፣ ጎንደርም ሊሆን ይችላል። ያን ቀን የሚፈለገው የተጋራ ፎቶ ብዛት አይደለም።

ሂሩት አበበ ከክሱ በኋላ የቀይ ሽብር ሰነዶችን የሚሰበስብና የሚያጠና ማዕከል አቋቋመች። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ላይክ የለውም። ወረቀት መልቀም፣ ስም ማመሳከር፣ ቀን መጻፍ። በ1970 ዓ.ም. 20 ዓመቱ የነበረ የጎንደር ልጅ ዛሬ ሰባኛ ዓመቱ ደፍ ላይ ነው። ካለፉት አምስትና ስድስት ዓመታት ጦርነት የተረፈው ደግሞ ገና ትኩስ ነው፤ ያየውን ሰፈር፣ ሰዓቱን፣ የሰውየውን አነጋገር ያስታውሳል። ቤት ውስጥ ደብተር ይኖራል። ያየኸውን በአንድ ገጽ፣ የሰማኸውን በሌላ ገጽ። ማን አብሮህ እንደነበረ። ቀኑን፣ ከዚያም የጻፍክበትን ቀን። ፈርመህ ለምታምነው ሰው አንድ ቅጂ ስጥ። ፎቶ ካለህ አትለጥፈው፤ አስቀምጠው።